ቀበሮና የአህያ ጆሮ

አንድ ጊዜ፣ ወንዙ በጋ ከክረምት በማይደርቅበት በአንድ ቆላ ሸለቆ ውስጥ፣ በምላሷ የታወቀች ቀበሮ ትኖር ነበር። ቤቷ ከቀዩ ገደል ሥር ያለው ጉድጓድ ነው። የሸለቆው እንስሳት በተቸገሩ ቁጥር ወደ ገደሉ ይወጣሉ። ሚስቱ ያኮረፈችው ከርከሮ ይመጣል፤ እንቁላሏ የጠፋባት ቆቅ ትመጣለች፤ ከወንድሙ የተጣላ ድኩላም ይመጣል። ቀበሮ ማንንም አሳፍራ አትመልስም። ገና ሁለት ቃል ሳይናገሩ «ገባኝ፣ ገባኝ» ትልና ምክሯን እንደ ዝናብ ታወርደዋለች።

«እናንተ አፋችሁን ስትከፍቱ እኔ ልባችሁን አንብቤ ጨርሻለሁ» ትላለች።

ምክሯ ፈጣን መሆኑን ማንም አይክድም። አልፎ አልፎ ግን ለከርከሮ የሚሆነውን ለቆቅ፣ ለቆቅ የሚሆነውን ለድኩላ ትሰጣለች። ያም ሆኖ ሁሉም አመስግኖ ይሄዳል፤ ከእሷ ሌላ የሚሄድበት አልነበረውምና።

በአንድ የጥቅምት ወር አንዲት አሮጊት አህያ ወደ ሸለቆው ወረደች። ዕድሜዋን በሙሉ እህል ስትጭን ኖራ ጀርባዋ ገጣባ ሆኗል። ጭነቱን አልችል ስትል ባለቤቷ ከገበያ ሲመለስ መንገድ ላይ ትቷት ሄደ። እሷም ሣሩን እየተከተለች መጥታ ከወንዙ ዳር፣ ከትልቁ ሾላ ሥር ተቀመጠች። በዚያ ሸለቆ አንበሳ ያወጀው አንድ ሕግ ነበር፤ ውኃው የሁሉም ነውና በወንዙ ዳር ማንም የማንንም ደም አያፈስም። ስለዚህ አያ ጅቦ እንኳ ማዶ ሆኖ ምራቁን ከመዋጥ በቀር ምንም ሊያደርጋት አልቻለም።

ቀበሮ መጀመሪያ ስታያት ሳቀች። «ጆሮዋን አያችሁት? ሁለት የኮባ ቅጠል ተሸክማ ነው የምትዞረው» አለች።

ሳቁ ግን አልቆየላትም። ጥር ሲገባ ወደ ገደሉ የሚወጣው መንገድ ሣር አበቀለ። ወደ ሾላው የሚወርደው መንገድ ደግሞ እንደ ገበያ መንገድ ተልጦ አፈሩ ታየ። ቀበሮ ጧት ጧት ከጉድጓዷ ደጃፍ ቁጭ ብላ ማን እንደሚወርድ ትመለከታለች። ትናንት ቆቅ ወርዳለች። ዛሬ ደግሞ ጃርት፣ ያቺ ከማንም ጋር የማትነጋገረው ጃርት፣ እሾህዋን አስተኝታ እየተንከባለለች ትወርዳለች። ቀበሮ ባየቻቸው ቁጥር ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ይነክሳታል። የበላችው አይረጋላትም፤ የተኛችውም አይጥማትም።

አንድ ቀን ጥንቸል ከወንዙ ስትመለስ መንገድ ላይ ጠብቃ አስቆመቻት።

«ከየት ነው ጥንቸል?»

«ከእትዬ አህያ ዘንድ።»

«ምን ብላ መከረችሽ?»

ጥንቸል ትንሽ አሰበች። «ምንም አላለችኝም።»

«ግማሽ ቀን ውለሽ ምንም አላለችሽም?»

«‹ከዚያስ?› ብላኛለች፤ ሁለት ጊዜ። አንዴ ደግሞ ‹በጣም ፈርተሽ ነበር?› ብላ ጠየቀችኝ።»

«ለዚህ ነው ወንዝ ድረስ የወረድሽው?»

«ምን እንደሆነ እኔም አላውቀው እመት ቀበሮ። ስሄድ ልቤ ከብዶኝ ነበር፤ ስመለስ ቀለለኝ። ማድረግ ያለብኝንም ስናገር ስናገር እኔው ራሴ አገኘሁት።»

«ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች አሉ» አለች ቀበሮ።

ጥንቸል አልሳቀችም። አንገቷን ዝቅ አድርጋ እጅ ነሳችና መንገዷን ቀጠለች።

በሳምንቱ ከርከሮ ወደ ገደሉ ብቅ አለ። ቀበሮ ገና ከሩቅ ስታየው ጅራቷ ተነሣ፤ ልቧም ሞቀ። ተመለሱልኝ ብላ አሰበች።

«እንኳን ደህና መጣህ፤ ግባ፣ ግባ።»

«እትዬ አህያ ዘንድ ወረፋው ቢበዛብኝ ጊዜ ነው» አለ ከርከሮ በየዋህነት።

ቀበሮ ይህን እንደ እሾህ ዋጠችው። ቢሆንም ዛሬ አህያዋ የምታደርገውን አደርጋለሁ፣ ከእሷም አስበልጬ አደርጋለሁ ብላ ጆሮዋን አቆመች፤ ዓይኗንም ከርከሮ ላይ ተከለች። ከርከሮ መናገር ጀመረ።

«ከዚያስ?» አለች ቀበሮ።

ከርከሮ ቀጠለ። ቀበሮ ግን በትከሻው ላይ አሻግራ ወደ ሾላው ታያለች። ስንት ናቸው ዛሬ? ያ የቆመው ድኩላው ነው? አህያዋስ ምን እያለች ይሆን?

«ከዚያስ?» አለች ደግማ።

ከርከሮ ንግግሩን አቆመ። 

«እመት ቀበሮ፣ አሁን ምን አልኩሽ?»

«ሚስትህ አኩርፋ መሄዷን ነዋ። እኔ የምልህ፣ ሦስት ቀን ዝም በላት...»

«እሱ የዛሬ ዓመት ነው» አለ ከርከሮ። «አሁን የነገርኩሽ እናቴ መሞቷን ነው።»

ተነሥቶ ቀስ እያለ ቁልቁለቱን ወረደ። ቀበሮ ከኋላው እያየችው ጆሮዋ እስኪግል ድረስ አፈረች። ቅናት ያደረበት ልብ ግን ለኀፍረት ቦታ የለውም። ከርከሮ ከዓይኗ ሳይርቅ ኀፍረቷ ወደ ንዴት ተለወጠ፤ ንዴቱም ወደ ሾላው ዞረ። አህያዋ ባትመጣ ኖሮ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር አለች በልቧ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀበሮ አድፋጭ ሆነች። ከሾላው አጠገብ ጥቅጥቅ ያለ የአጋም ቁጥቋጦ አለ። ከረፋዱ ጀምራ እዚያ ውስጥ ገብታ ትጋደማለች። አህያዋ እንስሳቱን የምትስብበትን አስማት እደርስበታለሁ ብላ ነው። ሰባት ቀን አድፍጣ ምንም አላገኘችም። እንስሳቱ ይናገራሉ፤ አህያ ጆሮዋን ወደ ተናጋሪው አዘንብላ ትሰማለች። ሲያለቅሱ ቸኩላ አታባብልም። ዝም ሲሉ ዝምታውን አትሞላውም። ሁሉም ከሄዱ በኋላ ደግሞ ወደ አጋሙ ዞራ፣ ጆሮዎቿን ቀጥ አድርጋ ጥቂት ትቆማለች። ቀበሮም ዝንብ እያባረረች ነው ብላ ትንቃታለች።

በስምንተኛው ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ሆና እንስሳቱ ሁሉ ወደየጥላቸው በተሰበሰቡበት ሰዓት፣ አንበሳ ብቻውን መጣ። ውኃ ሊጠጣ የመጣ መስሎ ወደ ወንዙ ጎንበስ አለ፤ ግን አልጠጣም። ግራና ቀኙን አየና ከሾላው ሥር ቁጭ አለ።

«ሙቀቱ በርትቷል» አለ።

«በርትቷል ጌታዬ» አለች አህያ።

ከዚያ ዝም አለ። አህያም ዝም አለች። ቀበሮ ከቁጥቋጦው ውስጥ ሆና ምላሷ በላት፤ እሷ ብትሆን ይህን ጊዜ አሥር ነገር ተናግራ ነበር። ዝምታው ረዘመ። የሾላ ፍሬ ጠብ አለ። ሌላም ጠብ አለ።

«ክራንቻዎቼ ተሰብረዋል» አለ አንበሳ በመጨረሻ።

«መቼ ጌታዬ?»

«ጥር ላይ፤ ጎሽ ረግጦኝ። ሁለቱም። ከዚያ ወዲህ አድኜ አላውቅም። ንጋት ላይ ጅቦች የተዉትን አጥንት ተደብቄ እልሳለሁ። ማገሣቱን አላቆምኩም፤ ካቆምኩ ይጠረጥራሉ። ሦስት ወር ሙሉ ማንም ሲጠጋኝ የምቆጣው አፌን እንዳያይብኝ ብዬ ነው።»

አህያ ጆሮዋን ወደ እሱ አዘነበለች። «ሦስት ወር ብቻዎን ተሸክመውታል» አለች። «እኔ ስለ ጭነት ትንሽ አውቃለሁ፤ ይከብዳል።»

አንበሳ ትልቁን ራሱን በፊት እግሮቹ ላይ አኖረና ጀርባው ተንቀጠቀጠ። ቀበሮ አንበሳ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም። ለቅጽበት ያህል ወጥታ ልታባብለው ቃጣት። ወዲያው ግን የቆየው ነገር ደረቷን ነከሳት። አንበሳ እንኳ! ይህን ሁሉ ዓመት አማካሪው ሆኜ ለእኔ አንዲት ቃል ያልተነፈሰ፣ ለዚህች ገጣባ ልቡን ዘረገፈላት!

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ቀበሮ ወንዙን ተሻግራ ወደ አያ ጅቦ ዋሻ ሄደች።

«አያ ጅቦ፣ የአህያዋን ሥጋ ትፈልጋለህ?»

«ይህም ይጠየቃል?» አለ ጅብ ብድግ ብሎ። «ሕጉ ነው እንጂ የያዘኝ።»

«ሕጉ የማይከለክልበት መንገድ አለ። ስማ፤ አንበሳ ክራንቻ የለውም። በሸንጎው ቀን በሁሉ ፊት ሳቅበት። ማን ነገረህ ሲልህ እትዬ አህያ በለው። እሱ ይፈርድባታል፤ እሱ የፈረደበትን ሕጉ አይጠብቀውም፤ ሥጋዋ ላንተ ይጣላል።»

ጅብ ነገሩን በራሱ ውስጥ ሊያላምጠው ሞከረ። «ጆሮዋስ?»

«ጆሮዋም ያንተ ነው።»

«ሰኮናዋስ ለማን ይሆናል?»

«ለማንም። ሁሉም ያንተ ነው። ግን የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል፤ የምትለውን እንዳትረሳ። ማን ነገረህ?»

«አንቺ።»

«እትዬ አህያ!» አለች ቀበሮ ጥርሷን ነክሳ።

«አዎ፣ እትዬ አህያ» አለ ጅብ። እስኪመሽም ድረስ ስሟን እየደጋገመ ሲያጠና ዋለ።

የሸንጎው ቀን ደረሰ። እንስሳቱ በወንዙ ዳር በየወገናቸው ተቀመጡ። አንበሳ ከድንጋዩ ላይ ወጣ፤ አፉን እንደ ልማዱ ገጥሟል። ገና ምንም ሳይባል ጅብ ከመሀል ብድግ ብሎ እየተንከተከተ ሳቀ።

«ጌታዬ» አለ፣ «እስቲ አንዴ ያዛጉልን።»

አንበሳ ከድንጋዩ ላይ ዘሎ ወረደ።

«ምን አልክ?»

«ክራንቻ የለዎትም አሉ። የእኛን ፍርፋሪ ነው የሚልሱት አሉ።»

«ማነው ያለው?»

«እትዬ አህያ ነገረችኝ» አለ ጅብ ያጠናውን ሳይስት።

«የት ሆና ነገረችህ?»

ይህን አላጠናም ነበር። ዓይኑን ወዲያ ወዲህ አንከራተተና «ከቀዩ ገደል ሥር» አለ።

ኤሊ አንገቷን ከድንጋይ ቤቷ አወጣች። አህያዋ ያንን አቀበት አንድም ቀን ወጥታው እንደማታውቅ ሁሉም ያውቃል፤ ጀርባዋ አያስችላትም። አንበሳ ግን አላስተዋለም። የተቆጣ ጆሮ ክፍት ቢሆንም አይሰማም።

አህያ ወደ መሀል ቀረበች። በሸንጎው ውስጥ ጉርምርምታ ተነሣ። «እኔም ግልገሎቼ የተደበቁበትን ነግሬያታለሁ» አለች ጥንቸል እየተንቀጠቀጠች። «የእኔስ ጉድ?» አለች ቆቅ። ትናንት ሲወዷት የነበሩት ሁሉ አንድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

ቀበሮ ከዳር ተቀምጣ ይህን ታያለች። ስንት ወር የጓጓችለት ቀን ነበር። ቢሆንም ደስታው እንዳሰበችው አልጣፈጣትም፤ ሬት ሬት አላት።

«ከአንቺ በቀር ለፍጡር አልተነፈስኩም» አለ አንበሳ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ከግሣቱ ይልቅ ያ ዝቅታው ያስፈራል።

«እኔ አልተናገርኩም ጌታዬ» አለች አህያ።

«ታዲያ ማን ተናገረ?»

«ያን ቀን ከአጋሙ ውስጥ ትንፋሽ እሰማ ነበር።»

የቀበሮ ጠጉር ከአንገቷ እስከ ጅራቷ ቆመ።

«ከዚያ በፊትም ሰባት ቀን ሰምቼዋለሁ» አለች አህያ። «የማን እንደሆነም አውቀዋለሁ። የሚነግረኝ ነገር ኖሮት መጥቶ፣ ደፍሮ መውጣት ያቃተው መሰለኝ። ሁሉም ከሄዱ በኋላ ወደ አጋሙ ዞሬ እስኪደፍር ድረስ እጠብቀው ነበር። ያን ቀን ጌታዬ ሲናገሩ ግን ሌላ የሚሰማ መኖሩን ማስጠንቀቅ ነበረብኝ። ይህ ጥፋቴ ነው፤ ይፍረዱብኝ።»

«ስሙን ጥሪ!»

«አልጠራም ጌታዬ። የልቡን ሳልሰማው በማንም ላይ አፌን አልከፍትም።»

አንበሳ መዳፉን አነሣ። ክራንቻው ቢሰበርም ጥፍሩ አልተሰበረም። ጅብ ለሀጩን እያዝረበረበ ወደ ፊት ተጠጋ። አህያ ዓይኗን ጨፈነች፤ አልሸሸችም።

ቀበሮ በዚያች ቅጽበት አህያዋ ታባርረዋለች ስላለችው ዝንብ አሰበች። ዝንብ አልነበረም። አህያዋ በየቀኑ ወደ አጋሙ ዞራ ትቆም የነበረው እሷን እየጠበቀች ነው። ቀበሮ በዕድሜዋ ብዙዎች ምክሯን ፈልገው መጥተውላታል፤ ተቀምጦ እሷ እስክትናገር የጠበቃት ግን አልነበረም። እንዲህ የጠበቀቻትን አሁን ልታስገድላት ነው።

«እኔ ነኝ» አለች።

ድምፅዋ ከመቅጠኑ የተነሣ ራሷም አልለየችውም። አንበሳ መዳፉን እንዳነሣ ዞረ።

«አጋሙ ውስጥ የነበርኩት እኔ ነኝ። ለጅብም የነገርኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

አሥር መልስ በአንድ ጊዜ ምላሷ ጫፍ ላይ መጣላት፤ አሥሩም ያማሩ ውሸቶች ነበሩ። ሁሉንም ዋጠቻቸው።

«ቀናሁ» አለች።

አንበሳ ሊዘልባት ተሰበሰበ። ያኔ አህያ በመሀላቸው ገባች።

«ጌታዬ፣ ይስሟት።»

«ከዚህ ወዲያ ምን የሚሰማ ቀርቶ?»

«እርስዎ ሲነግሩኝ እስኪጨርሱ ጠብቄያለሁ። እርስዎም ይጠብቁላት።»

አንበሳ ጥፍሮቹን ወደ መዳፉ መለሰ። ከዚያ እያቃሰተ በኋላ እግሮቹ ላይ ቁጭ አለ። ሸንጎውም ቁጭ አለ። ቀበሮ በሁሉም ፊት ተናገረች። እንደ ወትሮው አላሳመረችውም፤ ብዙ ቦታ ላይ ተደናቀፈች።

«ወደ ቤቴ የሚመጣው መንገድ ሣር ሲያበቅል በየቀኑ አየው ነበር» አለች። «እናንተ ወደ እሷ ስትወርዱ እኔ ከላይ ቆሜ እናንተን ስቆጥር እውላለሁ። ከርከሮ እናቴ ሞተች ሲለኝ አልሰማሁትም። ፊት ለፊቴ ተቀምጦ እኔ ስለ አህያዋ አስብ ነበር። ከዚያም ጌታዬ ሲያለቅሱ አየሁ። ማዘን ሲገባኝ፣ ለምን ለእኔ አላለቀሱም ብዬ ተናደድኩ። ያለኝ ይህ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

አንበሳ ዓይኑን ከቀበሮ ላይ አነሣና ወደ ሸንጎው ዞረ። ቀስ ብሎ አፉን ከፈተና ለሁሉም አሳያቸው። የተሰበሩት ክራንቻዎች ጉቶ ታየ። ጅብ ሊስቅ ጀመረና ማንም እንዳልተከተለው ሲያይ አቆመ።

«እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ ጥርስ የለኝም» አለች ኤሊ ከድንጋይ ቤቷ ሆና። «ሲኖሩ ይኖራል ጌታዬ።»

ከዚያ ከአንበሳ ሆድ ውስጥ አንድ ነገር ጉር ጉር አለና ወደ ሳቅ ተለወጠ። ከጥር ወዲህ አፉን ከፍቶ ሲስቅ የመጀመሪያው ነበር።

ፍርዱም እንዲህ ሆነ። «አንተ ጅብ» አለ አንበሳ፣ «በሐሰት መስክረሃልና ከእንግዲህ ካገኘኸው ሁሉ ለስላሳው የእኔ ነው።»

«ጉበቱም?» አለ ጅብ እንባ እየተናነቀው።

«በተለይ ጉበቱ። አንቺ ቀበሮ ደግሞ፣ መስከረም እስኪጠባ በዚህ ሸለቆ ውስጥ ለማንም ምክር እንዳትሰጪ።»

ብዙዎች ፍርዱ ቀለለላት አሉ። ቀበሮ ግን እንዳልቀለላት ታውቃለች።

ክረምቱ ገባ። ቀበሮ ከጉድጓዷ ደጃፍ ቁጭ ብላ ዝናቡን ታያለች። ቅናት በአዋጅ አይወጣም፤ ወደ ሾላው የሚወርድ ዱካ ጭቃ ላይ ባየች ቁጥር ዛሬም ይነክሳታል። ብቻ አሁን ሲነክሳት ስሙን ታውቀዋለች፤ ስሙን ስታውቅም ትንሽ ይበርድላታል።

አንድ ረፋድ ዝናቡ ሲያባራ ተነሥታ ወደ ከርከሮ ቤት ሄደች። ከደጁ ቆመች።

«ከርከሮ፣ ስለ እናትህ ልትነግረኝ መጥተህ አልሰማሁህም። ዛሬ ልሰማህ መጣሁ።»

ከርከሮ ጀርባውን ሰጣት። ቀበሮ ጥቂት ቆይታ ተመለሰች። በማግስቱ ሄደች፤ ከርከሮ ሥር እየቆፈረ ቀና ብሎም አላያትም። በሦስተኛው ቀን መቆፈሩን አቆመ።

«ተንበርክኬ መቆፈር ያስተማረችኝ እሷ ናት» አለ ድንገት። «ሌሎች ልጆች ሲስቁብኝ ‹ለሆድ መንበርከክ ነውር የለውም› ትለኝ ነበር።»

ቀበሮ ቁጭ አለች። ከርከሮ ተናገረ። እናቱ ነብር ሲመጣ እንዴት ወደ ኋላዋ እየሄደች ጉድጓዱን በክራንቻዎቿ እንደምትዘጋ፣ ስታረጅ ዓይኗ ጠፍቶ በድምፁ ብቻ እንደምትከተለው፣ የሞተች ቀን ሥር ይዞላት ሲመጣ ቀዝቅዛ እንዳገኛት ነገራት። ሦስት ጊዜ ያህል ቀበሮ የምትለው ግሩም ነገር መጣላት። ሦስቱንም ጊዜ ምላሷን ነከሰች። ቆየት ብሎ የምትለውን ነገር መፈለጓን ረሳችው። ያቺን አይታት የማታውቅ አሮጊት ከርከሮ፣ ከልጇ ድምፅ ኋላ እየተደናበረች ስትሄድ አየቻት።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ከርከሮ ዝም አለ። ቀበሮም ዝም አለች። ስትነሣ ምንም ምክር እንዳልሰጠችው አስታወሰች፤ እሱም የጠየቃት የለም። መንገድ ልትጀምር ስትል ከኋላዋ ጠራት።

«እመት ቀበሮ።»

«አቤት።»

«አንቺስ? አንቺስ እንዴት ከረምሽ?»

ቀበሮ ለመመለስ አፏን ከፈተች። ለሸለቆው ሁሉ ቃል ያልጠፋት ቀበሮ ከየት እንደምትጀምር ጠፋት። ከርከሮ አልቸኮለም። በፊት ጉልበቶቹ እርጥቡ ሣር ላይ ተንበርከከና፣ እስክትጀምር ድረስ ይጠብቃት ጀመር።

ከዚህ የምንማረው፣ የሌላው በረከት እያስቀናን የምንከፍተው ጆሮ ምስጢርን ከመስረቅ እንደማያልፍ፣ የራሳችንን ቃል ዋጥ አድርገን ባልንጀራችን እስኪጨርስ በትዕግሥት የምናደምጥ ከሆነ ግን የእሱን ልብ አግኝተን ለራሳችንም ልብ ሰሚ እንደምናገኝ ነው።